የውጭ ቋንቋ ስለ መምረጥ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችሁን ፈጽማችሁ ወደ ኮሌጅ በምትገቡበት ጊዜ ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ የውጭ ቋንቋ እንድትመርጡ ትጠየቁ ይሆናል። ቅጹ አጭር ነው፤ ከተደረደሩት ስሞች በአንዱ ፊት ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃል። ይሁን እንጂ በዚያች ምልክት የተነሣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዓመት ከአንድ ሕዝብ ቃላት ጋር ስትታገሉ ትኖራላችሁና ነገሩን ከወዲሁ ማውጣት ማውረድ ይገባችኋል።

እኔ ተራዬ ደርሶ በተጠየቅሁ ጊዜ ዐረብኛን መረጥሁ። በቤታችን ግን በምርጫዬ የተደሰተ አልነበረም። አጎቴ «ለመሆኑ እንጀራ የሚያበላው የትኛው ቋንቋ ነው?» ብለው ከጠየቁኝ በኋላ መልሱን ሳልናገር ራሳቸው ሰጡት፤ ፈረንሳይኛ ነው አሉ። የአጎቴ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። እኛም ቤት ቢሆን የተትረፈረፈ ነገር አልነበረም። ችግሩ ከመልሱ ላይ ነው፤ መልሱ በየዘመኑ ይለዋወጣልና።

እስቲ የሀገራችንን ታሪክ መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የባቡሩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ሠፈሩ እስከ ዛሬ «ለገሃር» መባሉ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ «የባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። ጣሊያንኛም በበኩሉ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የሚሉትን ቃላት በየጋራዡ ትቶልን ሄዷል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። በደርግ ዘመን ደግሞ ብዙ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው መስኮብኛ እየተማሩ ሕክምናና ምሕንድስና አጠኑ፤ ሶቪየት ኅብረት ግን በ1984 ዓ.ም. ፈረሰች። በ2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ሐዲዱን የዘረጉት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ወደ አንድ ወደብ በመቶ ዓመት ልዩነት ሁለት ባቡር መጣ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ቋንቋ ይዘው መጡ። እናንተ ሥራ በምትይዙበት ዓመት ደግሞ የትኛው ቋንቋ ተፈላጊ እንደሚሆን ከአሁኑ ቈርጦ የሚናገር ሰው ብታገኙ እኔ አላምነውም።

ሁለተኛው የተለመደ ምክር «ቀላሉን ምረጥ» የሚል ነው። ነገር ግን በራሱ ቀላል ወይም በራሱ ከባድ የሆነ ቋንቋ የለም ለማለት ይቻላል። የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሆኑት ተማሪዎቹ ለፈረንሳይኛ 30 ሳምንት ያህል፣ ለስዋሂሊ 36፣ ለአማርኛ 44፣ ለዐረብኛና ለቻይንኛ ደግሞ 88 ሳምንት ይመድባል። ልብ በሉ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ በእናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው የለመዱት አማርኛ ለእነዚያ ሰዎች ከፈረንሳይኛ ይልቅ ይከብዳል። ታዲያ መንገዱ የሚለካው ከመድረሻው ብቻ ሳይሆን ከመነሻችሁም ጭምር ከሆነ፣ እነርሱ ለዐረብኛ ያወጡት ልክ ለእናንተ እንዴት ይሠራል?

አማርኛ፣ ግእዝና ዐረብኛ የአንድ የሴማውያን ቋንቋዎች ቤተ ሰብ አባላት ናቸው። እኛ ቤት የምንለውን ዐረቦች በይት፣ ስም የምንለውን ኢስም፣ ሞት የምንለውን መውት፣ ሰማይ የምንለውን ሰማእ ይሉታል፤ ነፍስ ግን በሁለቱም ዘንድ ነፍስ ናት። ከቃላቱ ይልቅ እኔን የማረከኝ የግሡ አሠራር ነው። በሰዋስው ትምህርታችሁ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ የሚሉት ቃላት ጸሐፈ ከሚለው ግሥ መውጣታቸውን ተምራችኋል። ዐረብኛም እንደዚሁ ከተበ (ጻፈ) ከሚለው ግሥ ካቲብ ብሎ ጸሐፊን፣ ኪታብ ብሎ መጽሐፍን፣ መክተብ ብሎ ቢሮን ያወጣል። ክታብ የሚለው የእኛ ቃልም ሥሩ ይኸው ነው። ብዙ የሚያስፈራው የዐረብኛ የብዙ ቁጥር አሠራር እንኳ ደብርን አድባር፣ ልብስን አልባስ ሲል ለሰማ ሰው አዲስ አይደለም፤ ልጅ ማለት የሆነው ወለድ ሲበዛ አውላድ ይሆናል። የክፍል ጓደኞቼ ይህን ሰንጠረዥ በቃላቸው ሲያጠኑ እኔ ከአያቴ ጋር ሆኜ የሰማሁት የግእዝ ቅዳሴ ትዝ ይለኝ ነበር።

ይህን ስላችሁ ግን መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው እያልሁ አይደለም። ፊደላችን ከእያንዳንዱ ድምፅ ጋር አናባቢውንም ያሳያል፤ ዐረብኛ ግን አጫጭሮቹን አናባቢዎች ዘወትር አይጽፍም። ከ፣ ተ እና በ ብቻ ተጽፈው ባየ ጊዜ አንባቢው ከተበ «ጻፈ» ይሁን፣ ኩቲበ «ተጻፈ» ይሁን፣ ወይስ ኩቱብ «መጻሕፍት» ይሁን ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ለይቶ ማወቅ አለበት። እኔ ይህን እስክለምድ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅቶብኛል። ከዚህም ሌላ የመጽሐፉ ዐረብኛና የየአገሩ መነጋገሪያ ዐረብኛ የተራራቁ ናቸው። በሠፈራችን ሱቅ የነበራቸውን የየመን ተወላጅ ሽማግሌ ደፍሬ ባነጋገርኋቸው ጊዜ «ልጄ፣ እንደ ጋዜጣ ትናገራለህ» ብለው ከት ብለው ሣቁ። ከዚያ ወዲህ ስኳር ለመግዛት በሄድሁ ቁጥር ጥቂት የጓዳ ቃል ያስተምሩኝ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት አንዲት ጎረቤታችን አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ልጃቸው በቤት ሠራተኝነት ወደ አንድ ዐረብ አገር ልትሄድ ተሰናድታ ነበር። ደላላው የሥራ ውሉ የሁለት ዓመት መሆኑን ነግሯቸዋል፤ ውሉ ግን የተጻፈው በዐረብኛ ነው። «ልጄ፣ ተምረሃል ይሉሃልና እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ። መዝገበ ቃላቱን ከጎኔ አድርጌ፣ ጣቴን በመሥመሩ ላይ እያስኬድሁ ቀስ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። ጊዜውን ከሚገልጸው መሥመር ስደርስ «ሰላስ ሰነዋት» አልሁ። ሴትዮዋ ወዲያው ቀና ብለው «ምን አልክ? ሠለስቱ ነው ያልከው?» አሉኝ። ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ነገር ግን ታኅሣሥ 2 ቀን የሚከበረው የሠለስቱ ደቂቅ በዓል ለእርሳቸው እንግዳ አልነበረም። «ሦስት ማለት ነው?» አሉኝ። «አዎን እትዬ፣ ሦስት ዓመት ይላል» አልኋቸው።

ልጅቱ ወረቀቱን ይዛ ወደ ደላላው ተመለሰች፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሁለት ዓመት ተብሎ ታርሞ እስኪመጣላት ድረስም አልፈረመችም። ወሬው በሠፈሩ ስለ ተሰማ በዚያ ክረምት ወረቀት ይዞ ደጃችንን የሚያንኳኳ ሰው አልጠፋም። ከወረቀቶቹ በብዙዎቹ ላይ ግን ፊርማው ወይም የጣት አሻራው አስቀድሞ ሰፍሮ ነበር። አጎቴም አንድ ቀን ከበሩ አጠገብ ቆመው ሲያዳምጡ አየኋቸው፤ ስለ ፈረንሳይኛ ከዚያ ወዲያ አላነሡብኝም።

ሁላችሁም ዐረብኛን ምረጡ ማለቴ ግን አይደለም። በመኝታ ክፍሌ አብሮኝ ይኖር የነበረው የድሬዳዋ ልጅ ፈረንሳይኛን መርጧል፤ ትክክልም ነበር። አያቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ ናቸውና ዕረፍት ወጥቶ አገሩ በገባ ቁጥር የሚያነጋግረው ሰው ነበረው። የአፍሪካ ኅብረት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራ ቋንቋው ስላደረገው ስዋሂሊን የምትመርጡ ትኖሩ ይሆናል፤ ትዕግሥት ያላችሁ ደግሞ ወደ ቻይንኛ ትሄዱ ይሆናል። እኔ የምመክራችሁ ምልክቱን ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታጣሩ ነው። በእግር ወይም በአውቶቡስ ከምትደርሱበት ስፍራ ያን ቋንቋ የሚናገር አንድ ሰው፣ ወይም በዚያ ቋንቋ የተጻፈና ለማንበብ የምትጓጉለት አንድ መጽሐፍ አለን? ሁለቱንም ካጣችሁ ከፈተናው ማግሥት ጀምሮ ቃላቱ አንድ በአንድ ይጠፉባችኋል። ይህ በትምህርታቸው ከእኔ የበረቱ ጓደኞቼ ሲደርስባቸው አይቻለሁ።

ለእኔ የመጽሐፉ ነገር አላስቸገረኝም። ፍትሐ ነገሥትም ሆነ ስንክሳር ወደ ግእዝ የተመለሱት ከዐረብኛ ነው። ዐረብ ፈቂህ የተባለው ጸሐፊ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድን ጦርነት የተረከውም በዐረብኛ ነው። አሁን የምጓጓው ግን ለሌላ ጽሑፍ ነው። የወሎ የእስልምና ሊቃውንት ለመንዙማ የሚሆኑ ግጥሞችን በአማርኛ ደርሰው በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ አጻጻፉም ዐጀሚ ይባላል። አንድ የማውቃቸው ሼክ ከእነዚህ ጽሑፎች የአንዱን ቅጂ አውሰውኛል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ፊደሉን አይለየውም፤ ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ድምፁን አውጥቶ ቢያነበው እንኳ ምን እንዳለ አያውቅም። እስከ አሁን አራት ገጽ አንብቤያለሁ፤ ዐሥራ ሁለት ይቀሩኛል።