ራዳሩ ሱሉልታ ላይ

የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ሱሉልታ ሜዳ የደረሰ መኪና ሁሉ መብረር ያምረዋል። የአስፋልቱን ዳር ይዘው ደግሞ አትሌቶች ይሮጣሉ። ከፊት የሚመጣ ሹፌር መብራት ብልጭ ሲያደርግልን የእኛው ፍሬን ያዘ፤ ራዳሩ ግን ቀድሞታል።

«ወንድሜ፣ ለዛሬ ማረኝ።»

ትራፊኩ በእጁ ወደ ሯጮቹ አመለከተና ጻፈ። መንጃ ፈቃዱ ቀረ፤ ቅጣት ከፍሎ፣ ደረሰኝ ይዞ ማስመለስ ነው። ጥፋት ደግሞ በነጥብ ይመዘገባል፤ ነጥቡ ሲከማች መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። «ትራፊክ አለ» የምትለው ያቺ የመብራት ብልጭታ በሹፌሮች ዘንድ እንደ ወንድማማችነት ትቆጠራለች፤ ለእኔ አትዋጥልኝም።

ረዳቱ «የዛሬን ገቢ በላው!» ሲል፣ ከኋላ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ያቺ የምትሮጠዋም እናት አላት» አሉት።

ሹፌሩ እስከ ጫንጮ ከሦስተኛ ማርሽ አላለፈም።