ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ ቀን የለውም

«ዛሬ በታሪክ» የሚል አጭር አምድ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። መስከረም 1 ላይ ሥራው ይቀላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ጋር ስለሚገጥም ዝርዝሩ ሞልቶ ይጠብቀኛል።

በ1966 ዓ.ም. በዚህ ቀን ቺሊ ውስጥ ጦሩ የፕሬዚዳንት አየንዴን መንግሥት ገለበጠ፤ ፒኖቼ ሥልጣን ያዘ። በ1994 እኛ እንቁጣጣሽ ስናከብር አሜሪካ በአውሮፕላን ጥቃት 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው አጣች። በ2011 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይና ፕሬዚዳንት ኢሳያስ በተገኙበት፣ 20 ዓመት ተዘግቶ የኖረው ድንበር ቡሬና ዛላምበሳ ላይ ተከፈተ። የተለያዩ ቤተሰቦች ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ይህን የመጨረሻውን በየዓመቱ የሚለጥፍ አይጠፋም። የዛላምበሳ መተላለፊያ ዳግም የተዘጋበትን ቀን ግን በየትኛውም «ዛሬ በታሪክ» ላይ አይቼ አላውቅም። አራት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ሲከፈት መሪዎችም ካሜራዎችም ነበሩ፤ ሲዘጋ ምክንያቱን ለሕዝብ ወጥቶ ያስረዳ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2013፣ ያ አካባቢ ጦርነት ውስጥ ገባ።

የቀን መቁጠሪያችን ሥነ ሥርዓት የተደረገበትንና ደም የፈሰሰበትን ቀን አይረሳም። በመካከል በዝምታ የሚበላሸውን ግን አይዝም። ማስጠንቀቂያው ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ስለዚህ በር ሲከፈት ቀኑን የምንጽፍ ሰዎች፣ ሲዘጋም እንጻፍ። ቀን ያልተጻፈለት ነገር «ለምን?» ተብሎ የሚጠየቅለት ሰው የለውም።