አብራሪና ረዳቱ አንድ ዓይነት እራት አይበሉም

ነፋስ ስልክ የሚኖር ሰው አውሮፕላን አያስደንቀውም። ወደ ቦሌ የሚወርደው ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ወሬያችንን ለአፍታ ገታ እናደርግና ድምፁ ሲርቅ ካቆምንበት እንቀጥላለን። «አብራሪውን ድንገት ቢያመውስ?» ብሎ የሚጨነቅ የለም። ባንጨነቅም አይፈረድብንም፤ የሙያው ሰዎች አስቀድመው ተጨንቀውበታል። በብዙ አየር መንገዶች ለዋናው አብራሪና ለረዳቱ አንድ ዓይነት ምግብ አይቀርብም፤ ዶሮው ቢመርዝ ዓሣ የበላው ያሳርፋል። አንደኛው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ተገቢ መልስ ካልሰጠ፣ ሌላው «ምን ሆነሃል?» እያለ ጊዜ አያጠፋም፤ መሪውን ይረከባል።

ለሆዱ ይህን ያህል ለታሰበለት ሰው ለአእምሮውስ ምን ታስቦለታል?

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 202 ሰዎችን ይዞ ከቦሌ ወደ ሮም ተነሣ። መንገድ ላይ ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጣ ረዳቱ በሩን ከውስጥ ቆለፈበት። ያ በር ጠላፊ እንዳይሰብረው ተብሎ የተጠናከረ ነው፤ ያን ሌሊት ግን ውጭ ያስቀረው ባለቤቱን ነበር። ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን ጄኔቭ ወስዶ በሰላም አሳረፈው። ከዚያም በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ፤ ጥገኝነትም ጠየቀ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

ያን ሰሞን በሰፈራችን ካፌ ያልተባለ ነገር የለም። ለግማሹ ጀግና፣ ለግማሹ ከሃዲ ሆነ። የስዊስ አየር ኃይል ያኔ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይነሣ ስላልነበረ አውሮፕላኑን ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች መሆናቸውማ መሳቂያችን ነበር። «ታሞ ይሆናል» ሲል የሰማሁት ሰው ግን አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. የአገራችን ፍርድ ቤት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት፣ በዚያች ሌሊት አእምሮው ታሞ ስለነበር በወንጀል አይጠየቅም፣ ይልቅስ ሕክምና ይደረግለት አለ። ይህ ዜና ካፌያችን አልደረሰም፤ ደርሶም ከሆነ ወሬ አልሆነም። ስሙን ያኔ ሁላችንም እንጠራው ነበር። እዚህ አልጽፈውም፤ የሕመምተኛ ስም ነው።

ሁሉም ግን እንደ ጄኔቭ በሰላም አላለቀም። መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ በተመሳሳይ መንገድ ዋናውን ውጭ ቆልፎ አውሮፕላኑን ከፈረንሳይ ተራሮች ጋር አላተመው፤ 150 ሰዎች አለቁ። ፖሊስ ቤቱ ሲገባ ሐኪም የጻፈለትን የሕመም ፈቃድ ተቀዳዶ አገኘው። ፈቃዱ የዚያኑ ዕለት ጭምር ነበር። ያችን የተቀደደች ወረቀት ከአደጋው ሁሉ ይልቅ አስባታለሁ። «አሞኛል» ብሎ መቅረት ይችል ነበር፤ የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑ ከታወቀ ግን የበረራ ፈቃዱ አብሮ ሊሄድ ነው።

የአክስቴ ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅቡቲ መንገድ ሲመለስ «ከአዋሽ ጀምሮ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ትከተለኛለች» ይል ጀመር። ሌሊት መብራት አጥፍቶ በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያጮልቅ ያድራል። ወባ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ አጥሚት ይዞ በመጣ ነበር። አክስቴ ግን በሩን ዘጋች፤ እኛ ዘመዶቹ እንኳ የሰማነው ዘግይተን ነው። እሱም ሁለት ወር ሙሉ ያንን ጭነት እየጎተተ ያችን ፒክአፕ ሲሸሽ ከረመ። ሸሽቶ የት ሊደርስ እንደነበር እሱ ብቻ ያውቃል። በኋላ ጠበል ወሰዱት፤ ከዚያ አማኑኤል ሆስፒታል። መድኃኒቱ ረዳው፤ ፒክአፗም ጠፋች። ሥራው ግን እንደተፈራው ሄደ፤ ዛሬ መርካቶ የዘመድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ይሸጣል።

አውሮፓ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አየር መንገዶቹ አብራሪ ጭንቀቱን ለሙያ ባልደረባው በምሥጢር የሚያዋይበት መንገድ እንዲያዘጋጁ አስገድዳለች። ይህን ለአክስቴ ነገርኳትና ለምን ያን ያህል ጊዜ እንደደበቀች ጠየቅኋት። ቡና እየቀዳች ነበር።

«የልጄን የእንጀራ ገመድ በእጄ ልቁረጥ? አንተስ ብትሆን ለአለቃህ ትነግር ነበር?»

አለቃ እንደሌለኝ ታውቃለች። ስኒውን ተቀበልኳት።