ክዳኑን ማን ከደነው?



እኔ መምህር ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በሰፈራችን መድረሳ ሕፃናትን ቁርአን አስቀራለሁ። ከእነዚህ ሌላ አንድ ሦስተኛ ሥራ አለኝ፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ግን እንደ ሥራ አይቆጥሩልኝም። ስለ ድመቶች የምርመራ ታሪክ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ይጠፋል፣ ሰው ይጠረጠራል፣ በመጨረሻም በአንዲት ድመት ምክንያት እውነቱ ይወጣል። ታሪኮቹን በደብተር ጽፌ ሐሙስ ሐሙስ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

«የልጆች አባት ሆነህ ስለ ድመት ትጽፋለህ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እስካሁን ፈገግ ብዬ አልፌያለሁ። ዛሬ ግን ምክንያቱን ለመናገር ቆርጫለሁ፤ ከወንድሞቼና ከእህቶቼ አንዱ ይጠቀምበት ይሆናል።

በቤታችን ሁለት ድመቶች አሉ። አንዷ አመድማ ስለሆነች ዳመና ብለናታል፤ ሁለተኛው ቡላ ይባላል። ዳመና የሱብሒ አዛን ከመሰማቱ በፊት ደረቴ ላይ ወጥታ ትቀሰቅሰኛለች። እርግጥ ያስነሳት ወተቷ እንጂ ሶላቴ አይደለም፤ ቢሆንም ስንት ቀን ከእንቅልፍ አድናኛለች! ቡላ ደግሞ ደብተሬን ዘርግቼ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ከተኛበት መጥቶ ገጹ ላይ ይጋደማል።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ድመት በቤት ውስጥ መኖሩን አልወደደችውም። አንድ ቀን ዳመና ከውዱእ ማሰሮው ስትጠጣ አይታ ውሃውን ልትደፋው ስትል የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ) ታሪክ ነገርኳት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ ቢንት ከዕብ ለውዱእ ውሃ ስታቀርብላቸው ድመት መጣች። እርሳቸውም ጠጥታ እስክትጠግብ ዕቃውን አዘነበሉላት። ምራታቸው በመገረም ስታያቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በዙሪያችን ከሚመላለሱት ወገን እንደሆነች ማስተማራቸውን ነገሯት። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ባለቤቴ ሰምታ ዝም አለች። ቀጥላም «ነጃሳ ባይሆኑም ፀጉራቸውን ከመስገጃው ላይ የምትጠርገው አንተ ነህ» አለችኝ። በዚህ ተስማማን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እጅጌያቸው ላይ የተኛችን ድመት ላለመቀስቀስ ሲሉ እጅጌውን ቆረጡ የሚባለውንስ ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። በታወቁት የሐዲስ ስብስቦች ውስጥ አይገኝም። ለድመት ለማዘን ያልተረጋገጠ ወሬ አያስፈልገንም፤ የተረጋገጠው ይበቃናል። ሳይረጋገጥ መናገር ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የምጽፈውን ዓይነት ታሪክ የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ሽፋኑ የተቀደደ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ገዛሁ። ደራሲዋ ሊሊያን ጃክሰን ብራውን የተባለች አሜሪካዊት ናት። በመጽሐፎቿ ውስጥ ክዊለራን የሚባል ጋዜጠኛ አለ፤ ኮኮ እና ያም ያም ከተባሉ ሁለት የሲያም ድመቶች ጋር ይኖራል። ኮኮ አይናገርም። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይጥላል፣ ጥግ ይቧጥጣል፣ ይጮኻል፤ ጋዜጠኛውም ከዚያ ተነስቶ ያስባል። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1966 እ.ኤ.አ. ታተመ። እስከ 1968 ሦስት ከደረሱ በኋላ ለ18 ዓመት ተቋርጦ በ1986 እንደገና ቀጠለ። ደራሲዋ በ2011 እ.ኤ.አ. እስክትሞት ድረስ 29 ልቦለዶች ወጥተዋል።

እኔን የነካኝ ግን የአጀማመሯ ምክንያት ነው። የምትወደው ድመቷ ከፎቅ ወድቆ ሞተ፤ ሰው ገፍቶ እንደጣለውም ተጠረጠረ። ሐዘኗንና ንዴቷን በአጭር ልቦለድ ጻፈችው፤ እርሱም በ1962 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሪታ ሜይ ብራውን የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ደራሲ ደግሞ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዓይነት መጽሐፎቿ ሽፋን ላይ የድመቷን ስም እንደ ተባባሪ ደራሲ አስፍራለች። ቡላ ደብተሬ ላይ በተኛ ቁጥር ይህን አስታውሼ እስቃለሁ።

እንግሊዝኛ አንባቢዎች ይህን ዓይነቱን ልቦለድ «ኮዚ» ይሉታል፤ ሞቅና ደላ ያለ እንደማለት ነው። ግድያ ቢኖርበት እንኳ ደሙና ጭካኔው ለአንባቢ አይታይም። ሰዎቹ የሚተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው። እኔ ግድያውንም አውጥቼዋለሁ። በእኔ ታሪኮች የሚጠፋው የዒድ ጫማ፣ የዕቁብ ገንዘብ ወይም የመድረሳው ቁልፍ ነው። መርማሪዋ ድመት ውሮ ትባላለች። አትናገርም፤ ድመት የምታደርገውን ብቻ ታደርጋለች። በአንዱ ታሪክ ከጎረቤት ቤት ስኳር እየጎደለ ሰው ሁሉ ውሮን ይከሳል። አንዲት ተማሪ ግን ድመት ጣፋጭ ነገር እንደማይጣፍጣት ታውቃለች። ይህም እውነት ነው፤ ጣፋጭን የምትለይበት ተፈጥሮ በምላሷ ላይ እንደማይሠራ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ስኳሩን የሚያነሳው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። የምርመራ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንባቢው ሁሉንም እንዲጠረጥር ያደርጋል። አላህ (ሱ.ወ) ደግሞ በሱረቱል ሑጁራት ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅና የሰውን ነውር እንዳንሰልል አዞናል። ልጅ ሆኜ ያስቀሩኝን ሸኽ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሰሚው ተረት መሆኑን ካወቀና ሐራም ነገር ከሌለበት ምሳሌ መናገር እንደማይከፋ ነገሩኝ፤ ኢብኑል ሙቀፈዕ ወደ ዐረብኛ የመለሰውን «ከሊላ ወዲምና»ንም አነሱልኝ። በመጨረሻ «አንባቢው እንዲጠረጥር ብለህ አትጻፍ፤ በጥርጣሬው እንዲያፍር አድርገህ ጻፈው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ያደግሁት ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ በረመዳን ሙሉ ቀን እጾማለሁ ብዬ ፎከርኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም እናቴ «እስከ ዙህር ይበቃሃል» ብላኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን የአባቴ አጎት ከከሚሴ ለፊጥራ እንግዳ ሆነው መጡ። እናቴ ዶሮ ሠራች። ከዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤት ደርሳ ለመመለስ ስትወጣ እኔ ጓዳ ገባሁ። ሽታው አላስቆመኝ አለ። ክዳኑን አንስቼ አንዱን ታፋ አወጣሁና ቆሜ በላሁት። አጥንቱን በጓሮ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ወደ እንጨቱ ክምር ወረወርኩ። ክዳኑን እንደነበረ መለስኩ፣ አፌን ታጠብኩ፣ ቁርአኔን ይዤ ተቀመጥኩ።

መግሪብ ደረሰ። በቴምርና በውሃ አፈጠሩ፣ ተሰገደ፣ ሾርባው ተጠጣ። እናቴ ወጡን ስታወጣ ቆጠረች። ዶሮ እንደምታውቁት አሥራ ሁለት ብልት ነው። አሥራ አንድ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ፋኖስ ይዞ ጓሮ ወጣ። ከእንጨቱ ክምር ሥር ሦስት ግልገሎቿን የምታጠባው ድመታችን አጥንቱን እየጋጠች አገኛት።

ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!» አለ ወንድሜ። ሁሉም ሳቁ። እናቴም «ወይ ውለታ ቢስ! ያበላኋት እኔ!» አለች። እንግዳችን ደግሞ ወደ እኔ ዞረው «ይሄ ነው ወንድ! በዚህ ዕድሜው ሙሉ ቀን ጾመ!» ብለው መረቁኝና አምስት ብር ሰጡኝ። ተቀበልኳቸው።

ከተራዊሕ መልስ ወንድሜ ድመቷን በጆንያ አድርጎ ቦርከናን አሻግሮ ጣላት። ስትወጣ በጆንያው ውስጥ የጮኸችውን ጩኸት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

ድመት የትም ብትጣል ቤቷን ፈልጋ ትመጣለች ይባላል። የእኛዋ አልተመለሰችም። ከግልገሎቹ ሁለቱ በሦስት ቀን ውስጥ ሞቱ። ሦስተኛዋን እናቴ ጥጥ ወተት ውስጥ እየነከረች አዳነቻት። ያቺ ግልገል ውሮ ትባል ነበር። የታሪኮቼ መርማሪ ስሟን የወሰደችው ከእርሷ ነው።

ያ ረመዳን አለፈ፤ ነገሩ ግን ከእኔ ጋር አደገ። ድመትን አስራ ሳታበላት፣ ራሷም ከምድር ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለገደለችውና በዚያው ሰበብ ለእሳት ስለተዳረገችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ መድረሳ ስንማር ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልጅ ነበርኩ፤ በልጅ ላይ ቀለም እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅነቴ ካለፈ በኋላም ዝም ያልኩባቸው ዓመታት አሉ፤ እነዚያን በምን ላሳብብ?

ልጋባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረኝ ደሴ ሄድኩ። እናቴ ጓዳ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና «እማ፣ ያኔ በረመዳን የጠፋውን ታፋ የበላሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀና እንኳ ሳትል «አውቃለሁ» አለችኝ።

«እንዴት? ማን ነገረሽ?»

«ድመት በልታ ክዳን አትከድንም» አለች።

ለካ የዚያኑ ሌሊት ለሱሑር ድስቱን ስታነሳ ነው የገባት። ጎረቤት ደርሳ ስትመለስ ድስቱ እንደተከደነ ነበር፤ በቁጣዋ ግን ልብ አላለችውም። ጎህ ሲቀድ ወንድሜን ድመቷን ፈልጎ እንዲያመጣ ላከችው። አጣት።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽኝም?» አልኳት።

ምስሩን መልቀም ተወች። «በእንግዳ ፊት ከመረቁህ በኋላ ባዋርድህ ጾምን ትጠላለህ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ራስህ እንድትነግረኝ ፈለግሁ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅሁህ! ድመቷን ውለታ ቢስ ያልኳት ግን እኔ ነኝ። አንተ ልጅ ነበርክ፤ እኔ ልጅ አልነበርኩም። አላህ ይማረኝ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አለቀስኩ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ተረት አስመስዬ አንብቤላቸዋለሁ፤ ልጁ እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በስድስተኛ ክፍል ውስጥ የአንድ ተማሪ 100 ብር ጠፋ። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ልጅ ዞረ፤ ልብሱ ያረጀ፣ ምሳ የማይቋጥር ልጅ ነው። እውነቱን ልናገርና የእኔም ዓይን አብሮ ዞረ። አፌን ልከፍት ስል ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ክዳኑን ማን ከደነው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ባለ ገንዘቡን አስጠርቼ ዕቃውን በሙሉ አንድ በአንድ እንዲያወጣ አደረግሁ። ብሩ በራሱ ደብተር ላስቲክ ሽፋን ውስጥ ተገኘ፤ ጠዋት እንዳይጠፋበት ብሎ እዚያ የከተተው ራሱ ነበር።

ያንን ልጅ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም የተረቱ ልጅ ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ውድ ወላጆች፣ በቤታችሁ አንድ ነገር ሲጎድል መጀመሪያ የምትጠሩት የማንን ስም ነው? የሠራተኛዋን? የድሃ ዘመዱን ልጅ? መልስ መስጠት የማይችለውን? ጣታችሁን ከመቀሰራችሁ በፊት ስለ ክዳኑ ጠይቁ። እናንተም ወጣቶች፣ ጥፋታችሁን ሌላ ተሸክሞላችሁ ከሆነ ባለ ሐቁ በሕይወት ሳለ ተናገሩ። ሰው ከሆነ «ዐፉ በለኝ» ይባላል። እኔ የበደልኳት ድመት ናት፤ ዐፉ በይኝ የምልበት አንደበት በእርሷና በእኔ መካከል የለም። የቀረልኝ አላህን ምሕረት መለመን፣ በሬ ላይ ለመጣች ድመት ወተት ማስቀመጥና መጻፍ ነው።

ይህን ስጽፍ ቡላ የመጨረሻው ገጽ ላይ ተኝቶብኛል። እስኪነሳ ጠብቄ ፈረምኩ።

አላህ (ሱ.ወ) ከመጥፎ ጥርጣሬና ከሐሰት ዝምታ ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።