የኅዳር 21 ቀን ቁጥር

አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም እኛ የሐዋሳ ልጆች የውኃ ዳር አጥተን አናውቅም። ሐይቃችን ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንግዳ የመጣብን እንደ ሆነ ወደ አሞራ ገደል ወስደን አባ ኮዳን እናሳየዋለን። አባ ኮዳ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ወፍ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲያጸዱ የሚጥሉትን አንጀት እየጠበቀ እንደ ዘበኛ ይቆማል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ እርሱ አይደለም፤ ማንም ዞር ብሎ ስለማያያት ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ነው።

ይህች ወፍ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋ ረጅም ነው፤ መሬት ላይ ስትራመድ ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች ታወዛውዛለች። እኛ በክፍላችን ቢጬ ብለናታል። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። ይህን ያህል ያነሰች ፍጥረት በአውሮፓና በእስያ ተፈልፍላ፣ በዚያ ቅዝቃዜው ሲገባና ትንኙ ሲጠፋ ባሕርና በረሃ አቋርጣ እኛ ዘንድ ትመጣለች። እኛ ክረምት ስንል ዝናብን ነው፤ እነርሱ ክረምት የሚሉት በረዶን ነው። በእነርሱ ክረምት መግቢያ፣ በእኛ ኅዳር፣ የሐይቁ ዳር መስክ በቢጬ ይሞላል።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ላይ የባዮሎጂ መምህራችን አንድ ደብተር ሰጡኝና፣ «ከሾላው ዛፍ እስከ ጀልባ ማሠሪያው ድረስ በየቅዳሜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሄደህ ቁጠር። ያየኸውን ብቻ ጻፍ» አሉኝ። ኅዳር 7 ቀን 41 ቆጠርሁ። ወፍ መቁጠር ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። ቢጬዎች ከላሞቹ እግር ሥር ይሯሯጣሉ፤ ላሟ እግሯን ባነሣች ቁጥር ከሣሩ ውስጥ የሚነሣውን ተባይ ይለቅማሉ፤ አሥራ ስምንት ላይ ስትደርስ ሁሉም ብድግ ብለው ይበሩና እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ። ኅዳር 14 ቀን 38 ሆኑ።

ኅዳር 21 ቀን አልሄድሁም። ከላይኛው ሰፈር ልጆች ጋር የኳስ ግጥሚያ ነበረብን (ያውም ተሸነፍን)። ማታ የደብተሩን ባዶ መስመር ባየሁ ጊዜ፣ ከ41ና ከ38 ቀጥሎ 36 ቢሆን ያምራል ብዬ 36 ጻፍሁ። አየሩንም «ጥርት ያለ» አልሁት።

ኅዳር 28 ቀን ስሄድ መስኩ በሽቦ ታጥሮ አገኘሁት። ላም የለም፤ ቢጬም የለችም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ተቀምጠው መረባቸውን ይጠግኑ ነበርና፣ «አባባ፣ ይህ መቼ ታጠረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የጽዮን ዋዜማ፣ ዐርብ ለት ነው ልጄ። ከብቶቹን ወደ ወዲያኛው ዳር ነዷቸው» አሉኝ። ቀና ብለውም አዩኝና፣ «አንተ ደግሞ ለጽዮን አላየሁህም፤ አሞህ ነበር ወይ?» አሉ። መልስ አልሰጠኋቸውም።

ሰኞ ደብተሩን አስረከብሁ፤ ስለ አጥሩም የሰማሁትን ነገርሁ። መምህሩ ቁጥሮቹን አይተው ፊታቸው በራ። «ይኸ ድንቅ ነገር ነው! አጥሩ ዐርብ ታጥሮ ከብቶቹ ከሄዱ በኋላ፣ በማግሥቱ 36 ወፍ ነበረ። እንግዲያስ ወፎቹ የሄዱት ከብቶቹን ተከትለው አይደለም፤ ሌላ ምክንያት አላቸው ማለት ነው። ነገ ለክፍሉ ትነግራለህ» አሉኝ። እኔ 36ን የጻፍሁት መስመሩ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ምስክር ሆኖ ቆመ። ሁለቱ ቅዳሜዎች በእውነት ብርድ ላይ ቆሜ የቆጠርኋቸው ናቸው፤ እነርሱንም ጭምር ይዞ ሊያጠፋብኝ ነው።

በበነጋው ደወል ሳይደወል የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠብቄ ነገርኋቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው፣ 36 እንዳይጠፋ በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ሰረዙትና በጎኑ «አልተቆጠረም» ብለው ጻፉ።

«ለክፍሉ ይኸንንም ትነግራለህ» አሉኝ።

ነገርሁ። ከኋላ ወንበር የሳቃችሁትን አልረሳኋችሁም።

ታኅሣሥ 5 ቀን አጥሩን ዞሬ ከብቶቹን ፍለጋ ሄድሁ። መንገዱ ረግረግ ስለ ነበረ ጫማዬን በእጄ ያዝሁ፤ ውኃው እስከ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ከቄጠማው ወዲያ መንጋው ተሰማርቶ አገኘሁት። ለጥቂት ጊዜ ከላሞቹ በቀር የሚታይ አልነበረም፤ ኋላ ከአንዲት ቡሬ ላም እግር ሥር ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ፤ 29፣ 31፣ 29። በደብተሩ ላይ ሦስቱንም ጻፍሁ።