እያንዳንዱን ከራሱ ጋር

ባለፈው ዓመት ጥቂት ጓደኞች ሆነን በሠፈራችን ላሉ ተማሪዎች ማታ ማታ እንግሊዝኛ እናስተምር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ፈተና ሰጠናቸው፤ በሦስተኛው ወር መጨረሻም በክብደቱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ፈተና ሰጠናቸው። ጓደኞቼም «አንተ ስታቲስቲክስ ትማራለህና ድካማችን ፍሬ አፍርቶ እንደ ሆነ ንገረን» አሉኝ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ ሳለሁ ቁጥር በአደራ ስለ ተሰጠኝ ኩራት ተሰማኝ። ሁለቱን ውጤቶች የማይተዋወቁ የሁለት ክፍል ልጆች ውጤት አስመስዬ አማካያቸውን አነጻጸርኩና «ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊገኝ የሚችል ነው» ብዬ ፈረድኩ። በዚያው ምሽት ትምህርቱ ይቅር የሚል ሐሳብ ተነሣ።

አንድ የሳይንስ ተማሪ ጓደኛችን ግን ወረቀቴን አይቶ ሳቀ። «ልጆቹ እኮ እነዚያው ናቸው! እያንዳንዱን ከራሱ ጋር ለምን አታስተያየውም?» አለኝ።

ነገሩ ጥንድ ቲ ቴስት የሚባለው ነው። በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ሲሊ ጎሴት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 የዚህን ስሌት መሠረት የጣለበትን ጽሑፍ ያወጣው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነበር፤ ማለትም «ተማሪ»፣ በእኛው ስም መሆኑ ነው። ምሳሌ አድርጎ ያቀረበውም ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶች በየተራ የተሰጧቸውን አሥር ሕመምተኞች ነው። በመጀመሪያው መድኃኒት የተጨመረላቸው እንቅልፍ በአማካይ 0.75 ሰዓት፣ በሁለተኛው 2.33 ሰዓት ነበር። ዳሩ ግን ሰውና ሰው እኩል አይደለም፤ በመጀመሪያው መድኃኒት አንዱ 1.6 ሰዓት ሲጎድልበት ሌላው 3.7 ሰዓት አግኝቷል።

እኔ እንዳደረግሁት ሁለቱን ዓምዶች ለየብቻ ብንይዛቸው ቲ 1.86 ይሆናል፤ በ5 በመቶ ልክ ለማለፍ 2.10 ያስፈልጋልና ይወድቃል። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ልዩነት ብቻ ብንወስድ ግን የልዩነቶቹ አማካይ 1.58፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 1.23 ነው። 1.23ን ለአሥር ስኩዌር ሩት ብናካፍል 0.389 እናገኛለን፤ 1.58ን ለዚህ ስናካፍል 4.06 ይመጣል። ወሰኑ 2.26 ስለ ሆነ በደኅና አለፈ። እንቅልፋሙንና እንቅልፍ አጡን የሚለያየው ነገር በመቀነሱ ጊዜ ወጥቶ ስለሚቀር፣ የመድኃኒቶቹ ልዩነት ጎልቶ ታየ።

እኔም ወደ ቤቴ ሄጄ የእያንዳንዱን ልጅ የፊተኛ ማርክ ከኋለኛው ቀነስሁ። ጎበዙም ሰነፉም በየመጠኑ ከፍ ብሎ ነበር፤ ፈተናውም አለፈ። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ተረት ለስስታም ሰው ሲነገር ብሰማም፣ ለሚለካ ሰው ግን ጥሩ ምክር ሆኖ አገኘሁት።

ደስታዬን ይዤ ወደዚያ ጓደኛችን ብሮጥ፣ «ልጆቹ ማደጋቸውን አሳየህ፤ ያሳደጋችኋቸው እናንተ ናችሁ ወይስ የቀን ትምህርት ቤታቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። የስቱደንት ሕመምተኞች ሁለቱንም መድኃኒት ቀምሰዋል፤ የእኛ ልጆች ግን ያለ እኛ የሚያልፉትን ሦስት ወር አላየንም። ቲ ቴስት ልዩነት መኖሩን ይመሰክራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ትምህርቱ አልቀረም። ዘንድሮ ከተመዘገቡት ልጆች በመጀመሪያው ፈተና ማርካቸው የተቀራረበውን ሁለት ሁለቱን እያጣመርን፣ አንዱ አሁን፣ ሁለተኛው ከሦስት ወር በኋላ እንዲጀምር በዕጣ ለይተናል። ውጤቱ ቢያሳፍረንም እንኳ እናወጣዋለን። ባለፈው ዓመት በእኔ የተሳሳተ ስሌት የልጆቹ መብራት ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበርና፣ አሁን ከመፍረዴ በፊት ማን ከማን ጋር እንደሚነጻጸር እጠይቃለሁ።