ጉርሻው የማን ነው?

የመርከብ ሽርሽር ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው «ባሕሩ ያጥወለውላል ወይ?» የሚለው ነው፤ መልሱ መድኃኒት ቤት ይሸጣል። ሁለተኛው «ለአስተናጋጆቹ ስንት ይሰጣል?» የሚለው ነው፤ ለዚህኛው ክኒን አልተሠራለትም። በዋሺንግተንና አካባቢው የምንኖር ሐበሾች ደግሞ ይህን ስንጠይቅ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ብዙዎቻችን አሜሪካን የለመድነው በሰው ጉርሻ ነዋ! መኪና አቁመን፣ ታክሲ ነድተን፣ ትሪ ተሸክመን። ቲፕ የበላ ሰው ቲፕ ሲሰጥ ይጨነቃል፤ ስንት ሲሰጡት እንደሚያስቀይም ከማንም በላይ ያውቃል።

መርከቡ ከዚህ ጭንቀት የሚገላግለን ይመስላል። ከማያሚ ስንሳፈር አንድ ካርድ ይሰጠናል፤ የክፍላችንን በር የሚከፍተውም፣ መጠጥ የሚገዛልንም እሱ ነው። ጉርሻውም ሳንጠየቅ በየቀኑ ሂሳባችን ላይ ይደመራል። አሜሪካኖችን በሚያመላልሱት ብዙዎቹ ትልልቅ መርከቦች ላይ ለአንድ ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ዶላር ግድም ነው። ልጅም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። አራት ራስ ያለው ቤተሰብ ለሰባት ቀን ከተንሳፈፈ እንግዲህ ከ420 እስከ 560 ዶላር አጎረሰ ማለት ነው። መጠጥ ሲታዘዝ ደግሞ ከ18 እስከ 20 በመቶ ይታከልበታል፤ ከሥሩም «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

የባለቤቴ አጎት ዕድሜያቸውን ዋሺንግተን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። አብረን በተጓዝንበት መርከብ ላይ ሂሳቡን አንሥተው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቲፕ ነው፣ ጋሼ።»

«ለማን ሰጠሁ?»

«ለሁሉም ይከፋፈላል።»

«ታዲያ ማን አመሰገነኝ? እኔ ስንት ዘመን ቲፕ ስቀበል የሰጠኝን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው። ልጄ፣ ይሄ ቲፕ አይደለም፤ ግብር ነው።»

መልስ አጣሁ። መልስ ያጣ ሰው ታሪክ ያገላብጣል፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝ መኳንንት ቤት ነው። በትልቅ ሰው ቤት የተጋበዘ እንግዳ ለባለቤቱ አሽከሮች ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ሲጀመር የደግነት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ግዴታ ሆነ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግዳው በልቶ ሲወጣ ኮት አቀባዩ፣ ወይን ቀጂው፣ ፈረስ ያዡ በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር። ጆናስ ሀንዌይ የተባለ ነጋዴ፣ ለንደን ውስጥ ጃንጥላ ይዞ በመዞሩ የተሳቀበት ሰው፣ በ1760 ይህን ልማድ የሚቃወም መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ወዳጁ «ምነው እኔ ቤት ምሳ አትመጣም?» ቢለው «አቅሜ አይፈቅድም» ብሎ መለሰለት ይባላል። ጌቶቹ ልማዱን ለማስቀረት ሲነሡም አሽከሮቹ በ1764 ለንደን ውስጥ ረብሻ አስነሡ። ልክ ነበሩ።  ግብዣው የጌታው፣ ምስጋናውም የጌታው፣ የአሽከሩ ቀለብ ግን የእንግዳው ሆኖ ነበር።

አሜሪካኖች ልማዱን ከአውሮፓ ያመጡት ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ነው። ባሕር ተሻግረው የተመለሱ ሀብታሞች አውሮፓን ማየታቸው እንዲታወቅላቸው ጉርሻ መስጠት ጀመሩ። የአገሩ ሰው «ይህ የጌታና የሎሌ ወግ ነው፤ ለሪፐብሊክ አይገባም» ብሎ ተቆጣ። ዋሺንግተን ግዛት በ1909 በሕግ ከለከለችው፤ ሌሎችም ጥቂት ግዛቶች ተከተሏት። በ1926 ግን ከሕጎቹ አንድም አልቀረም። ቁጣውን ያሸነፈው ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን በደንብ የሠራው ጆርጅ ፑልማን ነበር። ይህ ሰው በ1867 የአልጋ ባቡር ኩባንያ አቋቋመ፤ ለአስተናጋጅነትም ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን ቀጠረ። ደሞዛቸውን አሳንሶ ቀሪውን ለተሳፋሪው ኪስ ተወው። አስተናጋጁ አልጋ ያነጥፋል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ሌሊቱን ሲጠራ ያድራል። ስሙ ማንም ይሁን ማን ተሳፋሪው «ጆርጅ» እያለ ይጠራዋል፤ ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበረው መሆኑ ነው። ፑልማን በ1897 ሲሞት ኩባንያውን የመራው ሮበርት ሊንከን ነው፤ የአብርሃም ሊንከን ልጅ! አባት ነፃ አወጣ፤ ልጅ በጉርሻ አሠራ። አስተናጋጆቹ በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው፣ ኩባንያውን ውል ያስፈረሙት በ1937 ነው።

የባቡሩ ብልሃት ወደ ባሕር ሲወርድ ደግሞ የበለጠ ተመቸው፤ መርከብ ባንዲራ መምረጥ ይችላላ። በ1922 ሪላያንስና ሪዞሉት የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መርከቦች ባንዲራቸውን ወደ ፓናማ ቀየሩ። ምክንያቱ መጠጥ ነበር፤ አሜሪካ አልኮል ከልክላ ስለነበር ለተሳፋሪ መቅዳት አልቻሉም። ለውስኪ የተከፈተው በር ለደሞዝም አገለገለ። ከማያሚ የሚነሣው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የባሃማስ ባንዲራ ያውለበልባል፤ እስከ 7,600 ተሳፋሪና 2,350 ግድም ሠራተኛ ይይዛል። ስለዚህ ፎቅ ላይ የምንጠጣው አሜሪካዊ ቢራ ቢሆንም ብርጭቆውን ያመጣው ፊሊፒናዊ ወይም ኢንዶኔዢያዊ በአሜሪካ የደሞዝ ሕግ አይዳኝም። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በሳምንት እስከ 72 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ውሉም ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይዘልቃል።

ቀድሞ ጉርሻው በፖስታ ነበር። በጉዞው የመጨረሻ ማታ ተሳፋሪው ለክፍል አጽጂው፣ ለአስተናጋጁና ለረዳቱ ፖስታ ያድላል። ይህ የሚሠራው ግን እንግዳው ሁሌ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ አስተናጋጅ እጅ ሲበላ ነው። በ2000 ግድም ኖርዊጂያን ክሩዝ ላይን «ባሻችሁ ሰዓት፣ ባሻችሁ ቦታ ብሉ» ሲል ባለፖስታው ማን እንደሆነ ጠፋ። ያን ጊዜ ጉርሻው ከእጅ ወጥቶ ሂሳብ ውስጥ ገባ፤ ሌሎቹም ኩባንያዎች ይህንኑ መንገድ ያዙ።

እንግዲህ ጋሼ ግማሽ እውነት ነበራቸው። ግብር ነው፤ ግን መንግሥት የሰበሰበው አይደለም። ደሞዝ ነው፤ ግን ቀጣሪው የከፈለው አይደለም። የትኬቱ ዋጋ ርካሽ መስሎ እንዲታይ ከትኬቱ ላይ ተቆርጦ በጉርሻ ስም የተለጠፈ ወጪ ነው። ጉርሻውን የጎረሰው በእርግጥ ባለመርከቡ ነው፤ አስተናጋጁ ያገኘው የራሱን ሀቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዱ በመጨረሻው ማታ እንግዳ መቀበያው ጋ ተሰልፎ «አንሡልኝ፣ በእጄ እሰጣለሁ» ይላል። ካስነሣው መካከል በእጁ ሳይሰጥ የሚወርድ አለ። ቢሰጥም የሚያየውን ሰው ነው፤ ምድር ቤት ሳህን የሚያጥበውና አንሶላ የሚተኩሰው ዓይን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሂሳቡ እንዳለ ይቆይ። መጠጡ ላይ ያለውን ባዶ መስመር ሳይጨነቁ ማለፍ ይቻላል፤ ከላይ ተከፍሏል። ክፍላችንን ላጸዳውና ልጆቻችንን በስም ለጠራው ሰው በእጅ ጥቂት መጨመር ደግ ነው። ለካፒቴኑ ግን እጅ አይዘረጋም፤ ነውር ነው። ከሁሉ የሚረክሰውና ብዙ ሰው የሚረሳው ስሙን በአስተያየት ቅጹ ላይ መጻፍ ነው፤ ለሹመት ይቆጠርለታል።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ በ2019 የቀን ጉርሻውን ትቶ ከዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። መርከቦቹም አልሰጠሙም። ሌሎቹ እስኪከተሉት ድረስ እኔም እከፍላለሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእንግሊዝ አሽከር እንኳ ሲቀበል በር ላይ ቆሞ እጅ ይነሣ ነበር፤ ባለመርከቡ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን ወጥቶ አላመሰገነኝም።